አርማ ሲነሳ የሚቀረው ጥላ፤ የአንድ ቀይ ኮሮላ ጉዳይ

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ የ1998 ሞዴል ቀይ ኮሮላ የሚነዳ ሰው ነው። መኪናውን የገዛው በቅርቡ ነው። የኋላ ኮፈኑ ላይ የፋብሪካው አርማ፣ የሞዴሉ ስም፣ የሞተሩ ዓይነትና ድሮ ዱባይ ላይ የሸጠው ድርጅት የለጠፈው ጽሑፍ ተደርድረው ነበር። ጽሑፍ የበዛበት ኋላ አልወደደም፤ ሁሉንም አነሳቸው። ፊደሎቹ ሄዱ፣ ጥላቸው ግን ቀረ። ዙሪያው ጸሐይ የበላው፣ የነጣ ቀይ ነው። ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ደግሞ እንደ በርበሬ ደማቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ጸሐይ ከጎን ሲመታው ከመንገድ ማዶ ይነበባል ይላል። አንድ ቀለም ቤት ወስዶ አሳይቶም ነበር። ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ ካልተቀባ፣ እንዲመሳሰል ደግሞ የኋላ ጎኖቹ ካልተጨመሩ አይሆንም ተባለ። እሱ የጠየቀው አጭር ነገር ነው፤ በፖሊሽ ይወጣል ወይስ ማስቀባቱ ግድ ነው?

41 መልስ መጣለት። እኔም መሃል ላይ ገብቼበታለሁ። ይህን ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ በቅደም ተከተሉ ልተርከው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ የፋብሪካ ቀለሙ ያለ መኪና ለአንድ አርማ ጥላ ሲባል መቀባት የለበትም። ለምን እንደምል ከመልሶቹ ይታያል።

1ኛው መልስ የትሕትና ነበር። መኪናውን እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና በደንብ የሚታይ ፎቶ እንዲለጥፍ ለመነው። አርማዎቹን በምን እንዳነሳቸውም ጠየቀ። 2ኛው ግን ቸኮለ። ጥላው የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፣ በቤንዚን እሽት ሲደረግ ይለቃል አለ።

3ኛው በጨዋ አነጋገር አረመው። ቆሻሻ አይደለም አለ። እንዲያውም በመኪናው ላይ ደህና የሆነው ቦታ ያ ጥላ የሚባለው ነው። አርማው ከ20 ዓመታት በላይ ከልሎት ጸሐይ ሳያየው ኖሯል። የተጎዳው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ጥላውን ማሸት ዋጋ የለውም፤ መታሸት ያለበት ሌላው ነው። ይህ መልስ ለእኔ የውይይቱ ሁሉ ቁልፍ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ ፊደሎቹ ላይ ስለሚያርፍ እጁም እዚያው ይሄዳል። ያንን ደህና ቀለም ባሸው ቁጥር ደግሞ ልዩነቱ አይጠፋም፤ የበለጠ ያበራል እንጂ።

4ኛው ከሳይንሱ ጨመረ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ጸሐዩን ይንቀዋል፤ ቀለም ግን የሚጎዳው በሙቀቱ ብቻ አይደለም። ቀይ ደግሞ ከቀለሞች ሁሉ ቶሎ ከሚለቁት አንዱ ነው። ውጭ የሚያድር ቀይ መኪና ጣራው፣ ኮፈኑና የኋላ ኮፈኑ ከበሮቹ ቀድመው የሚነጡት ወደ ሰማይ ስለሚያዩ ነው።

5ኛው መልስ የአንድ ትልቅ ሰው ነበር። ጡረታ የወጡ ባትላሜራ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ከምንም በፊት አንድ ነገር አዘዙ። ዓይንህን ጨፍነህ ጥፍርህን ከደበዘዘው ወደ ደማቁ ቀስ ብለህ ጎትት አሉት። ጥፍሩ ካልተደናቀፈ ልዩነቱ የቀለም ብቻ ነው፤ ተስፋ አለው። ከተደናቀፈ ወይ የሙጫ ቅሪት ነው፣ ወይ በአርማው ጠርዝ ለዓመታት የተጋገረ አቧራና ሰም ነው፣ ወይ ደግሞ ከዚህ በፊት አርማው ሳይነሳ ዙሪያውን የተረጨ ቀለም ነው። ሦስተኛው ከሆነ ነገሩ ይለያል። ቀለሙ ደረጃ ቢጤ ሠርቷልና ፖሊሽ ብቻውን አያስተካክለውም፤ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይመጣል። ይህን የመሰለ ምክር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፣ መሣሪያም አይፈልግም። ቀለም ቤቱ ግን አልነካካውም፤ ከሩቅ አይቶ ነው ዋጋ የነገረው።

6ኛውና 7ኛው የጥርስ ሳሙና አመጡ። ሁለቱም ሞክረው እንደሠራላቸው ይናገራሉ። 8ኛው ተቆጣ። ይህ ምክር የፊት መብራት ላይ ተጀምሮ መኪናው ሁሉ ላይ ደረሰ፣ ሰውን አታሳስቱ አለ። ቁጣው ቢበዛም ነጥቡ ልክ ነው። የጥርስ ሳሙና በጣም ደቃቅ መፋቂያ አለው፤ ስለዚህ የጣት ስፋት ያላት ቦታ ላይ ትንሽ ያሳምራል። አንድ ሙሉ ኮፈን ላይ ግን ጉልበት መጨረስ ነው። ለቀለም ተብሎ የተሠራ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ቀለም ማሻሻው ቅባት፣ ብዙው እያሸኸው ደቃቁ ይበልጥ እየደቀቀ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ብሩህ አድርጎ የሚተወውም ለዚህ ነው።

9ኛው ላይ ባለቤቱ ተመለሰ። ጥፍሩ ብዙው ቦታ ላይ አልተደናቀፈም፤ ሁለት ፊደሎች ጋ ግን ይይዘዋል። የ1ኛውንም ጥያቄ መለሰ። አብዛኞቹን በእጅ ነው የነቀላቸው፤ እምቢ ያሉትን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልቅቋቸዋል። ፎቶው ሲመጣ ሁለት አጫጭር ጭረቶች ታዩ፤ አንዱ ከሥሩ ነጭ ነገር ያሳያል።

እዚህ ላይ ነበር ከቨርጂኒያ የሚጽፈው ልጅ የገባው፤ 10ኛው መልስ ነው። እዚያ ሥራው መኪና ማጽዳትና ማስዋብ ነው። አርማ ብረት አይነካውም ይላል። መጀመሪያ በፀጉር ማድረቂያ ሙጫው እስኪለሰልስ ይሞቃል። ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም የጥርስ ክር ከአርማው ጀርባ አግብቶ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው። አርማው ይወድቃል፣ ስፖንጅ የመሰለው ሙጫ ቀለሙ ላይ ይቀራል፤ እሱ በኋላ ይነሳል። ካርድ መሰል ፕላስቲክም ይሆናል፤ ግን ክሩ ይሻላል። 11ኛው አዲስ አበባ ውስጥ ማድረቂያም አያስፈልግም አለ። መብራት መጠበቅም የለም። መኪናውን በበጋ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጸሐይ ላይ ማቆም ይበቃል፤ ካልሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ አርማው ላይ ማስደገፍ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

12ኛው ስለ ሙጫው ቅሪት ነው። የሚበዛው በአውራ ጣት ሲንከባለል ይነሳል፤ ጣት ያማል እንጂ ቀለም አይነካም። የቀረውን በነጭ ጋዝ ወይም በአኳራጃ እርጥብ ባደረጉት ጨርቅ መያዝ፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያ መጥረግና ወዲያው በሳሙና ውኃ ማጠብ። ቲነር በፍጹም አይሆንም አለ።

በፍጹም የምትለዋ ቃል 13ኛውን አስቆጣች። ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን በቲነር ሲጠርግ ምንም አልሆነበትም። ወረቀት ላይ የምታውቁትን ሥራ ለምናውቅ አታስተምሩን ሲል ጻፈ። ከዚህ በኋላ የአነጋገሩ ለዛ ጠፋ። 14ኛው ግን ሳይሰድብ አስረዳው። የፋብሪካ ቀለም የሚጋገረው ገና ባዶ ብረት እያለ ነው፤ ጎማና ሽቦና ወንበር ከመግባቱ በፊት፣ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። እንዲህ የጠነከረ ቀለም ቲነርን ለአጭር ጊዜ ይቋቋማል። ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ቀለም ግን በአየር ይደርቃል፤ ምድጃ ቢገባም 60 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ ፕላስቲኩ አይችልም። ርካሹ ቀለም ደግሞ ድሮም በቲነር የተበጠበጠ ነው፤ ተመልሶ ቲነር ሲያገኘው ይሟሟል። ባለጋራዡ ምንም ያልሆነበት ዕድሉ ሆኖ የፋብሪካ ቀለም ስለገጠመው ነው።

እኔ 15ኛው ላይ የገባሁት ይህንኑ ይዤ ነው። ሰዎች ስለ ቲነር ሲጣሉ ዋናውን ነገር ረሱት፤ 140 ዲግሪ የተጋገረውን ቀለም የሠፈር ቀለም ቤት ሊመልሰው አይችልም። አንዴ ከተፋቀ ሄደ። ስለዚህ ባለቤቱን ሁለት ነገር ጠየቅኩት። አንደኛ፣ ሞተር ክፍሉ ወይም የሾፌሩ በር ምሶሶ ላይ ያለችውን የፋብሪካ ሰሌዳ እንዲያይ። ሲ/ቲአር (C/TR) ከሚለው ጎን የቀለሙ ኮድ አለ። በዚያ ዘመን ቶዮታ ላይ ድፍኑ ነጭ 040፣ ጥቁሩ 202፣ ደማቁ ቀይ 3ኢ5 (3E5) ናቸው። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከላይ ትራንስፓረንት፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍነው መልክ የሌለው ንጣፍ፣ የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ ነው የሚያበራው። ሁለተኛ፣ ትንሽ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አድርጎ ከማይታይ ጥግ እንዲያሽ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ ትራንስፓረንት አለው። መኪናውን ከመሰለ ደግሞ የለውም።

16ኛው ላይ ባለቤቱ ደንግጦ መጣ። ኮዱ 3ኢ5 ነው። ጨርቁ ደም የነካው ያህል ቀልቷል፤ ቀለሙ እየተላጠ መስሎት ማሸቱን አቁሟል። 17ኛው አረጋጋው፤ ይህ የምሥራች ነው አለው። ጨርቁ ላይ የቀረው ጸሐይ የገደለው የላይኛው ስስ ንጣፍ ነው። ከሥሩ ያው ቀይ አለ። ድፍን ቀለም እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሆነ ጥላ ለማጥፋት ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም። 18ኛዋ የብርማ መኪና ባለቤት ነች። የእሷ ትራንስፓረንት ጣራው ላይ ተሰነጣጥቆ እየተላጠ ነው፤ ስንት ፖሊሽ ብትገዛ ምንም አልመጣም። ብዙዎች አዘኑላት፤ እውነቱን የነገሯት ጋሼ ናቸው። የተላጠ ትራንስፓረንት በፖሊሽ አይመለስም፤ ማስቀባት የሚገባው የዚህ ዓይነቱ ነው። የቀዩን ኮሮላ ዕድል ለእሷ መኪና መመኘት ገንዘብ ማባከን ነው።

19ኛው ከዱባይ ነው። እዚያ የቀለም ውፍረት መለኪያ በእጁ ይዞ መኪና ይመረምራል። የፋብሪካ ቀለም ከብረቱ እስከ ላይ ድምሩ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺሕኛ) አካባቢ እንደሆነ ጻፈ። ትራንስፓረንት ካለው ከዚያ ውስጥ የእሱ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ቢሆን ነው። 300 ካሳየ ዳግም ተቀብቷል፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ ስቱኮ አለው። መለኪያ ለሌለው ጋሼ 20ኛው ላይ ማግኔት መከሩ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በኮፈኑ ላይ ማዘዋወር። እኩል ከያዘ ደህና ነው፤ ላላ ብሎ ከተንሸራተተ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ባለቤቱ በዚያው ማታ ሞከረው። ከግራ ጥግ በቀር ሁሉም ቦታ ይይዛል። ግራ ጥጉ ላይ ማግኔቱ ወደቀ።

ከ21 እስከ 26 ያለው ወዲያ ሄደ። አንዲት የቪትዝ ባለቤት አርማዋ ቆሞ ባደረ መኪና ላይ መሰረቁን ጻፈች። ሌላው ስፖኪዮውም እንደተሰረቀበት ተናገረ። ጥላ ላይ አዲስ አርማ ለጥፎ መገላገል ነው የሚል መጣ፤ ሶማሌ ተራ ሞልቷል አለ። ይህ ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ያው ዓይነት አርማ በልኩ ከተገኘ ጥላውን ይሸፍናል፤ ግን ያለ ደረሰኝ መግዛት የሌላን ሰው አርማ መግዛት ሊሆን ይችላል የሚል ተቃውሞ ገጠመው። ከዚያ አንዱ ቪትዝ ላይ ያሪስ የሚል ለጥፎ መሸጥን እንደ ቀልድ አነሳ። ክርክሩ እዚህ ጋ ስለታም ሆነ። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ ስለተሠራ መሪው በቀኝ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው መሪው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። ገዢ ያሪስ ሲባል ከመጀመሪያውም መሪው በግራ የሆነ ይመስለዋል። ቀልደኛው ይህን ማድረግ መብቴ ነው ሲል 25ኛው ሌባ ብሎ ጠራው።

ስድቡን አልደግፍም፤ ፍሬ ነገሩን ግን እደግፋለሁ። የራስን መኪና ጽሑፍ ማንሳት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሌላ ስም ለጥፎ መሸጥ ማታለል ነው። የሚገዛ ሰው የአርማውን ጥላ ያንብብ፣ ሊብሬውንም ያንብብ፤ ጥላው ቪትዝ እያለ አርማው ያሪስ ካለ መልሱ እዚያው አለ። በተለይ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ አሮጌው መኪና ተወዷል። ተንከባክቦ መያዝና አጣርቶ መግዛት ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

27ኛው ላይ ጋሼ ውይይቱን መለሱት። ይህን መልስ ከሁሉም አስበልጬ ነው የያዝኩት። መኪናው ላቫጆ ሳይሆን ቤት ይታጠብ አሉ፤ በመኪና ሻምፖ፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ በብዙ ውኃ። ላቫጆ ውስጥ አንድ ጨርቅ ጎማም በርም ይጠርጋል። ከደረቀ በኋላ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ቀለሙን መዳበስ። በባዶ እጅ ለስላሳ የሚመስለው በፌስታል ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል። ያ ውኃ የማያነሳው የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫና የመንገድ ሬንጅ ነው። ለዚህ የሚሆን ልጥ መሰል ማጽጃ አለ፤ ክሌይ ይሉታል። በሳሙና ውኃ እያንሸራተቱ ነው የሚሠራበት። መሬት ከወደቀ ግን ይጣላል፤ ጠጠር ይዞ ይቧጫል። ይህ ሳይነሳ ፖሊሽ መጀመር ያንኑ አሸዋ በቀለሙ ላይ መፍጨት ነው።

ከዚያ ጸሐይ በማይደርስበት ቦታ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ እያለ፣ ከኮፈኑ አንድ ጥግ የመጽሐፍ ስፋት ብቻ ይሞከር። ኮምፓውንዱ ትንሽ፣ ጨርቁ የታጠፈ፣ እጁ በእኩል ጫና ቀጥ ባለ መስመር ወዲያና ወዲህ፣ ከዚያ ወደ ጎን። ፈሳሹ እየሳሳ ሲሄድ ይጠረግና ይታያል። ያቺ ጥግ ከፊደሎቹ ድምቀት ጋር ከተቀራረበች ሌላውም ይመጣል። ካልተቀራረበች ወደ ጠንከር ያለው ኮምፓውንድ መሄድ እንጂ ጫና መጨመር አይደለም። ጠርዝና ብረቱ የታጠፈበት መስመር ላይ ቀለም ስስ ነው፤ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። የደበዘዘው ሁሉ ይታሻል፤ ፊደሎቹ ግን የሚነኩት መጨረሻ ላይ በደቃቁ ፖሊሽ ነው። ጥፍር የያዛቸው ሁለቱ ፊደሎች ዙሪያ በ2000 ቁጥር፣ ከዚያ በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ በጣም ቀለል ተደርጎ፣ ደረጃው ሲጠፋ ወዲያው ይቁም። ግራ ጥጉ ግን አይነካ አሉ፤ ስቱኮ ላይ ያለ ቀለም ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም።

28ኛው በግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ ቢሠራው በአሥር ደቂቃ ያልቃል አለ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ 29ኛው ሆኜ መለስኩ። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ትዞራለች። የፖሊሽ ማሽን የሚሠራው ከ600 እስከ 3,000 ባለው ነው፤ ጀማሪ ደግሞ ከታችኛው ነው የሚጀምረው። ግራይንደር ቀለሙን አያበራም፣ ያቃጥለዋል። ጠርዝ ላይ አንዴ ካረፈ ብረት ይታያል። 30ኛው ተናደደብኝ። ሁሉም ሰው የውጭ ማሽን መግዛት አይችልም፣ ድሃው በያዘው ይሥራ አለ። ስለ ዋጋው አልከራከርም። ግን የመረጥነው ድሃው የሚችለውን ነው፤ እጅ። አንድ የኋላ ኮፈን በእጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጨርቅና አንድ ቆርቆሮ ኮምፓውንድ ነው የሚፈልገው። የተቃጠለ ቀለም ማስቀባት ነው ድሃውን የሚጎዳው። 31ኛው አስማማን፤ ማሽን ካስፈለገ ቀስ ብሎ የሚዞረውን ለቀን የሚያከራይ ሰው መፈለግ ይሻላል አለ።

32ኛውና 33ኛው ስለ አርማ ቀዳዳ ነበሩ። አንዳንድ አርማ በሙጫ ብቻ አይደለም የሚያዘው፤ ከጀርባው ሹል እግሮች አሉት፣ ብረቱም ተበስቷል። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ መቀባት የተለመደ ነው። ጋሼ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ስቱኮ ከጀርባ እርጥበት ይስባል፤ በሁለት ክረምት ውስጥ ቀለሙን አፍኖ ያሳብጠዋል። ወይ ቀዳዳው ተበይዶ ይዘጋ፣ ወይ ጎማ መክደኛ ይግባበት፣ ያም ካልሆነ አርማው ይመለስ። በተለይ የኋላ ኮፈን ላይ ውኃው ወርዶ የትርፍ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰው የሚያየው ወለሉ ከበሰበሰ በኋላ ነው።

34ኛው ላይ ባለቤቱ ፎቶ ይዞ መጣ። ሁለት ፎቶ፤ አንዱ ከፊት ለፊት፣ አንዱ ጸሐይ ከጎን እያለ። ፊት ለፊት ከሚያሳየው ላይ ምንም አይነበብም። ከጎኑ ላይ የመጀመሪያው ፊደል ክብ መስመር በስሱ ይታያል። ኮፈኑ በጠቅላላው የጠለቀ ቀይ ሆኗል፤ የግራ ጥጉ ብቻ እንደ ነጣ ቀርቷል። የካቻቢቴው ጭረቶች አልወጡም። ኮፈኑ ላይ የጎረቤቱ አጥር ሳይቀር ይታይበታል። ብዙ ሰው ደስ አለው፤ ባለጋራዡም ሳይቀር ጥሩ ነው ብሎ ጻፈ።

ከዚያ አዲስ ችግር ተነሳ። 35ኛው እንዳለው ኮፈኑ አሁን ከጎኖቹ ይበልጥ ያበራል። ጥላውን አጥፍተህ መኪናውን ሁለት ቀለም አደረግከው አለ። 36ኛው ደግሞ የቀረውን ስስ መስመር ለማጥፋት ሌላ ዙር እንዲያሽ ገፋፋው። ጋሼና የዱባዩ ሰው በአንድ ድምፅ አቁም አሉ። እያንዳንዱ ጠንካራ ዙር ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ከሥሩ አስታር (ከቀለሙ በፊት ብረቱ ላይ የሚቀባው) እስኪታይ ድረስ ማሳደድ የለም። ጎኖቹ ግን በተራቸው በዚያው ዓይነት ቢታሹ መኪናው ይመሳሰላል፤ ለዚያ ጊዜ አለው። የቀረችው መስመር ደግሞ ያው ጸሐይ ያገኛታል። ደማቁና ዙሪያው ከአሁን በኋላ እኩል ጸሐይ ስለሚመታቸው ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ።

37ኛው የቀለም ቤት ሰው ነው። ለሥራው ተከራከረ፤ ይህም ተገቢ ነው። ኮፈኑን ቢቀባው ከዚህ ሁሉ ድካም ይገላግል ነበር አለ። 38ኛው በየትኛው ቀይ ብሎ ጠየቀው። በኮዱ ቢበጠበጥ የ1998ቱን ቀይ ነው የሚያመጣው፤ ጎኖቹ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት በጋ ያዩ ናቸው። በዓይን ተመሳስሎ ቢበጠበጥ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ በተለያየ ፍጥነት ይለቃሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮፈኑ ብቻውን ይለያል። ቀለም ቤቶች ጎኖቹንም እንቀባ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ያኔ ግማሽ መኪና ሊሆን ነው። የቀለም ቤቱ ሰው አልካደም። ጥሩ ባለሙያ ቀለሙን ወደ ጎን እያሳሳ ማዋሐድ እንደሚችል ተናገረ። ይችላል። ግን ሲሸጥ የሚመጣው ገዢ ማግኔቱን ይዞ ነው፤ ያልተቀባ ኋላ ያለው መኪና ኋላውን ተመትቶ ይሆን የሚል ጥርጣሬ አያስነሳም።

ለሁለቱ ጭረቶች 39ኛው ጥሩ መፍትሔ ሰጠ። በኮዱ ትንሽ ቀለም ማስበጥበጥ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ወይም በሥዕል ብሩሽ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ፣ በስሱ ደጋግሞ መሙላት፣ በየመሃሉ ማድረቅ። ነጭ የሚያሳየውን ቸል ማለት አይገባም፤ እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው። ከዓይን ባይጠፋም ብረቱን ይጠብቃል።

40ኛው ስለ ሰም ነው፤ ሰው ሁሉ ሊያልፈው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ድፍን ቀለም ከታሸ በኋላ ያለ መሸፈኛ ከተተወ ቶሎ ተመልሶ ይነጣል። ስስ ሰም መቀባት፣ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤ ውኃ ኮፈኑ ላይ እንክብል መሥራት ሲያቆም መድገም። ናፍታ በጨርቅ ቀብቶ ማብረቅ የሚወዱ አሉ። ለሁለት ቀን ያበራል፤ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ባሕር ዛፍ ሥር አለማቆም፣ የወፍ ኩስ ሲያርፍ ሳይደርቅ በውኃ ማንሳት።

41ኛው ላይ ባለቤቱ አመስግኖ ዘጋው። ኮፈኑን አያስቀባም፤ ጎኖቹን በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ አንድ እያለ ሊያሽ ነው። ጋሼ ግን ከክረምት በፊት የግራ ጥጉን ከውስጥ በኩል፣ ምንጣፉን አንስቶ፣ በባትሪ እንዲያይላቸው አስጠንቅቀውታል። ስቱኮው ሥር ዝገት ከጀመረ ያንን ጥግ ማስከፈት ነው።